«ተገነጠለ» ወይስ «ክልል ሆነ»?

ጥያቄ፦ ጅማ የምኖር የሁለተኛ ደረጃ መምህር ነኝ። ተማሪዎቼ «ከፋ ከደቡብ ተገነጠለ» ብለው ይጽፋሉ። ክልላዊ ፓርቲዎችንም በጅምላ «ተገንጣይ» የሚሉ አሉ። ላርማቸው ወይስ ልተወው?

መልስ፦ መምህር፣ ያርሟቸው እንጂ! «ገነጠለ» የጉልበት ግሥ ነው፤ ቅርንጫፍ ከግንዱ ሲገነጠል ቁስሉ በሁለቱም ላይ ይቀራል። በፖለቲካው ደግሞ በደርግ ዘመን «ገንጣይ አስገንጣይ» የተባለ ሰው ምን እንደሚጠብቀው የእርስዎ ታላላቆች ያውቃሉ። ቃሉ ያን ክስ ዛሬም ተሸክሟል።

ከፋ፣ ሸካ፣ ቤንች ሸኮ፣ ዳውሮ፣ ምዕራብ ኦሞና ኮንታ ግን መስከረም 20 ቀን 2014 ዓ.ም. ሕዝበ ውሳኔ ሰጥተው በአንድነት ደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል ሆኑ። ከአገር አልወጡም። ሕገ መንግሥቱም ሁለቱን ለይቷቸዋል፦ ክልል መመሥረት በአንቀጽ 47፣ ከአገር መገንጠል በአንቀጽ 39 ነው የተቀመጠው። ስለዚህ «ከደቡብ ክልል ወጥተው የራሳቸውን ክልል መሠረቱ» ይባል። «ተለዩ» ቢባልም አያስነቅፍም።

«ክልላዊ ፓርቲ» የሚለው የምዝገባ ስም ነው፤ ስለ ዓላማው ምንም አይናገርም። የ2011ዱ የምርጫ ሕግ ለአገር አቀፍ ፓርቲ 10,000፣ ለክልላዊ ፓርቲ 4,000 መሥራች አባላት ይጠይቃል። ክልላዊ ፓርቲ አንድነትን አጥብቆ ሊሰብክ ይችላል፤ የራስ አስተዳደር ይስፋ ሊልም ይችላል። ተማሪው ፓርቲው የጠየቀውን ነገር በስሙ ይጥራው፦ ልዩ ወረዳ፣ ዞን፣ ክልል ወይም ራስ ገዝ።

ይህ የመጨረሻው ጥንቃቄ ይፈልጋል። በ1980 ዓ.ም. ኤርትራ፣ ትግራይ፣ አሰብ፣ ድሬዳዋና ኦጋዴን «ራስ ገዝ» ተብለው ነበር። አሁን ግን ቃሉን ተማሪዎችዎ በብዛት የሚሰሙት «ራስ ገዝ ዩኒቨርሲቲ» ሲባል ነው። ስለ ዛሬዎቹ ክልሎች ሲጻፍ «ራስን በራስ ማስተዳደር» ይሻላል።

ለድሮው ታሪክ ግን አማርኛችን ከዚህ ሁሉ ያማረ አነጋገር አለው። ዳግማዊ አባ ጅፋርን «የጅማ ራስ ገዝ መሪ» ብሎ የሚጽፍ ተማሪ ካለ፣ «ለምኒልክ እየገበሩ አገራቸውን ራሳቸው ይገዙ ነበር» ብሎ ይጻፍ። ጅሬን ያለውን ቤተ መንግሥታቸውን አይቶ ያደገ ልጅ ይህን ለመረዳት አይቸገርም።