ጋሽ መዝገቡን ጠይቁት፦ ሰባቱ ካርቶኖች

ጥያቄ

ጋሽ መዝገቡ፣ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ሚኒያፖሊስ ነው። ሥራዬ አረጋውያንን በየቤታቸው መንከባከብ ነው። ሁለት ዓመት የተንከባከብኳቸው አንድ ሽማግሌ በቅርቡ አረፉ። በወጣትነታቸው እዚሁ፣ ኮንትሮል ዳታ የሚባል የኮምፒውተር ኩባንያ ውስጥ መሐንዲስ ነበሩ። ልጃቸው ቤቱን ልትሸጥ ነው። «ቤዝመንት ያለውን ወረቀት ከፈለግሽ ውሰጂው፣ ካልሆነ ይጣላል» አለችኝ። ወርጄ ሳይ ሰባት ካርቶን ነው። በእጅ የተጻፉ ደብተሮች፣ ደብዳቤዎች፣ ፎቶዎች፣ በላስቲክ የታሰሩ ቀዳዳ የበዛባቸው ካርዶች። ይሄ ለማን ይጠቅማል? ኢንተርኔት ላይ ብሸጠውስ ያዋጣል?

ደረጃው ላይ የቆመችው

መልስ

እህቴ፣ አይጣልም። አይሸጥምም። የሚሄድበት ቦታ ደግሞ እዚያው ከተማሽ ውስጥ ነው።

ሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ቻርልስ ባቤጅ ኢንስቲትዩት የሚባል አለ። የኮምፒውተር ታሪክ ወረቀቶችን ይሰበስባል። ማሽኑን አይደለም፣ ወረቀቱን። የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1978 ነው፣ ሚኒሶታ የገባው በ1980። የኮንትሮል ዳታ መዛግብትም እዚያው ናቸው። ስለዚህ የሽማግሌሽ ካርቶኖች ዘመዶቻቸው ዘንድ ነው የሚሄዱት። መዛግብቱ የተቀመጡት ከቤተ መጻሕፍቱ ሥር፣ ሚሲሲፒ ወንዝ ዳር ያለው ገደል ተፈልፍሎ በተሠራ ዋሻ ውስጥ ነው። ዕድሜዬን ከአይጥና ከሚያፈስ ጣራ ጋር ስታገል የኖርኩ የመዝገብ ቤት ሰው ነኝ። ዋሻው ያስቀናኛል።

«ለማን ይጠቅማል?» ላልሽው፣ መልሱን የሰጠው የከተማሽ ፍርድ ቤት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኤኒያክ የሚባለው ዝነኛ ኮምፒውተር እ.ኤ.አ. በ1946 ፔንስልቬኒያ ውስጥ ለሕዝብ ታየ። የፈጠራ መብቱ ከሠሪዎቹ ከጆን ሞክሊና ከፕሬስፐር ኤከርት ዞሮ ዞሮ ስፔሪ ራንድ የሚባል ኩባንያ እጅ ገባ። ኩባንያው «ኮምፒውተር የምትሠሩ ሁሉ ክፈሉኝ» አለ። የሚኒያፖሊሱ ኩባንያ ሃኒዌል አልከፍልም ብሎ በ1967 ከሰሰ። ጠበቆቹ ወረቀት ፍለጋ አገር አሰሱ።

ከተገኘው መሃል የደብዳቤ ልውውጥ ነበር። በሰኔ 1941 ሞክሊ አይዋ ድረስ ሄዶ፣ ጆን አታናሶፍ የሚባል የፊዚክስ መምህር ቤት ሰንብቷል። እዚያም ሞክሊ፣ አታናሶፍ ከተማሪው ጋር ሆኖ የሚሠራውን የኤሌክትሮኒክ ማስያ አይቷል። በመስከረም መጨረሻ ደግሞ፣ ካንተ ማሽን አንዳንዱን ነገር ወስጄ የራሴን ብሠራ ቅር ይልሃል ወይ ብሎ በደብዳቤ ጠይቆታል። ይታይሽ፣ ሁለት የሥራ ሰዎች የተጻጻፉት ተራ ደብዳቤ ነው። ለታሪክ ብሎ የጻፈው የለም።

ማሽኑስ? አታናሶፍ ያስተምርበት የነበረው ኮሌጅ ክፍሉን ስለፈለገው ከጦርነቱ በኋላ ፈታትተው ጣሉት። አታናሶፍ በ1940 ስለ ማሽኑ የጻፈው 35 ገጽ ግን ተርፏል። በጥቅምት 1973 ዳኛ ኧርል ላርሰን የኤኒያክን የፈጠራ መብት ሰረዙት። ከምክንያቶቻቸው አንዱ ሐሳቡ ከአታናሶፍ የተወሰደ ነው የሚል ነበር። የመጀመሪያው ማን ነው የሚለው ክርክር ዛሬም አልበረደም፣ እኔ ግን አልገባበትም። እኔን የገረመኝ ብረቱ ጠፍቶ ወረቀቱ መመስከሩ ነው። የዚያ ሙግት ፋይልም ዋሻው ውስጥ አለ።

«በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ይባል የለ? ካልጣሉት ነዋ! እኔው ራሴ ጥያለሁ። በ1979 ዓ.ም. የምሠራበት መሥሪያ ቤት አዲስ ማሽን አስገባና መረጃ በቀዳዳ የሚመዘገብባቸውን የድሮ ካርዶች አስወግድ ተባልኩ። ለቆራሌው ሰጠኋቸው። ካርዶቹ ዞረው የሰፈራችን ባለሱቅ ጋ ደረሱ። ጠንካራ ስለሆኑ ቆሎ ለመጠቅለል አልተመቹትም፣ ዱቤ ይጽፍባቸው ጀመር። ዓመት ሳይሞላ አንድ ሹፌር ለጡረታው የአገልግሎት ማስረጃ ሊጠይቅ መጣ። የሰውዬው አምስት ዓመት ስኳርና ሳሙና ተጽፎበት አልቋል። ፊቱ እስካሁን አይረሳኝም።

አሁን ወደ ቤዝመንቱ። ወረቀቱ የልጅቱ ነው። በቃል «ውሰጂ» ስላለችሽ ብቻ አንቺ ለግሰሽ አትፈርሚ፤ ኢንስቲትዩቱ የስጦታ ውል ሲያዘጋጅ ፈራሚዋ እሷ ትሁን። የባንክና የሕክምና ወረቀት ካለ ለይታ ታስቀር። ከዚያ ውጭ እጅሽን ሰብስቢ። የኛ ሰው ዕቃ ሲያይ ማስተካከል ይወዳል፣ አውቃለሁ። ደብዳቤውን በቀን ልደርድር፣ ፎቶውን አልበም ላግባ እንዳትዪ። እሳቸው ያስቀመጡበት ቅደም ተከተል ራሱ መረጃ ነው። መሸጡን የከለከልኩሽም ለዚሁ ነው። ፎቶው ለአንዱ፣ ደብተሩ ለሌላው ይሄድና ማን ምን እንደጻፈ የሚያውቅ ይጠፋል። ደግሞ ሁሉንም ላይቀበሉሽ ይችላሉ፣ እንዳትቀየሚ።

ሾርባ እያቀረብሽላቸው ስለ ሥራቸው ያጫወቱሽ ነገር ካለም ሳይጠፋሽ በተለየ ወረቀት ጻፊው። ቀኑንና ስምሽን አድርጊበት። ኢንስቲትዩቱ ከ300 በላይ ሰዎችን ቃለ መጠይቅ አድርጎ አስቀምጧል። የሽማግሌሽ ጨዋታ ግን ያለው አንቺ ጋ ብቻ ነው።

ካርዶቹን አደራ። አንዱ ካርድ 80 ዓምድ አለው፣ ብዙ ጊዜ የፕሮግራሙን አንድ መስመር ይይዛል። ከተደባለቁ ፕሮግራሙ ተበላሸ ማለት ነው። ስለዚህ የዘመኑ ሰዎች የካርዱን ክምር አጥብቀው ይዙና ጠርዙ ላይ በማርከር ሰያፍ መስመር ያሰምሩበት ነበር። አንድ ካርድ ቦታውን ከሳተ መስመሩ ይሰበራል። ላስቲኩን ሳትፈቺ ከላይ እዪልኝ። መስመሩ ካለ ጻፊልኝ፣ ቀለሙንም ጭምር።