20 ደቂቃው የመኪናው ብቻ አይደለም

ሰላም ወንድሜ። ጥያቄህን ትናንት ማታ ነው ያየሁት። «ግዛ» ወይም «ተው» ብዬ ማለፍ ስላልፈለግኩ ለዛሬ አሳደርኩት። አዳማ እንደምትኖር፣ በሳምንት ሁለት ሦስቴ አዲስ አበባ እንደምትመላለስ፣ ሊፕሞተር ቢ10 የሚባለው የቻይና ኤሌክትሪክ መኪና ዓይንህ ውስጥ እንደገባ ጽፈሃል። ሻጩ «ባትሪው ከ30 እስከ 80 ፐርሰንት በ20 ደቂቃ ይሞላል» ብሎሃል። አንተ ደግሞ «እውነት ነው? ብራንዱስ አዲስ ነው፣ ይታመናል?» ብለሃል።

እኔም አዳማ ነኝ። የነዳጅ የቤት መኪና ማስገባት በ2016 ሲከለከል ብዙ ሰው ተጣደፈ፤ እኔም አብሬ ተጣደፍኩ። የገዛሁት ሊፕሞተር አይደለም። ግን እሱም ስሙን ስናገር ሰው «ምን አልክ?» ብሎ የሚያስደግመኝ ዓይነት ነው። ከታች ስለማማው ስሙ ይቆየኝ።

ስለ 20 ደቂቃው ሻጩ አልዋሸህም። ግን ግማሹን ነው የነገረህ። የቢ10 ትልቁ ባትሪ 67.1 ኪሎዋት ሰዓት ነው። (ኪሎዋት ሰዓት ባትሪው የሚይዘው መጠን ነው፤ ኪሎዋት ደግሞ የሚሞላበት ፍጥነት።) ከ30 እስከ 80 ማለት የባትሪው ግማሽ፣ 33.5 ኪሎዋት ሰዓት አካባቢ ነው። ይህን በ20 ደቂቃ ለማስገባት ቻርጀሩ በአማካይ 100 ኪሎዋት መስጠት አለበት። ለአንድ መኪና፣ ሳያቋርጥ። የምትቆምበት ቻርጀር ላይ 60 ከተጻፈ ያው ግማሽ ባትሪ ከግማሽ ሰዓት በላይ ይወስድብሃል። 120 ተጽፎበት ሁለት ገመድ ካለው ደግሞ፣ ከጎንህ ሌላ መኪና ሲሰካ ብዙዎቹ ኃይሉን ለሁለት ይከፍሉታል። ቧንቧው ቀጭን ከሆነ የጀሪካኑ አፍ ቢሰፋ ምን ያደርጋል? የኔ መኪና በወረቀት ላይ ከ100 በላይ ይቀበላል። ስክሪኑ ላይ ሦስት አሃዝ ያየሁባቸውን ቀናት በጣቴ እቆጥርልሃለሁ።

አምራቾች ለምን ከ30 ጀምረው 80 ላይ እንደሚያቆሙ አስተውል። ከ80 በኋላ ባትሪው ራሱ እጁን ይሰበስባል። የቀረው 20 ፐርሰንት አንዳንዴ ካለፈው 50 ይረዝማል። ስለዚህ ስቴሽን ላይ «ፉል ላድርገው» ብለህ አትቀመጥ። ከኋላህ የተሰለፈው ሰውም ይረግምሃል።

ከፍጥነቱ በፊት ግን መሰኪያውን እይ። ይህን ማንም ስላልነገረኝ ነው የማስረዝመው። ለቻይና ገበያ የተሠራ መኪና ጂቢ/ቲ የሚባለውን መሰኪያ ይዞ ነው የሚመጣው። ለአውሮፓ የተሠራው ሲሲኤስ2 ነው። አንዱ ለሌላው አይገባም። እኔ መኪናዬን በገዛሁ በሁለተኛው ሳምንት አዲስ አበባ አንድ ቻርጀር ጋ ደረስኩ። ተራ ያዝኩ። ተራዬ ሲደርስ ገመዱ አልገባም። እንደ ሞኝ ገመዱን ሳገላብጥ ጥበቃው ናቸው «ልጄ፣ ያንተ የዛኛው ነው» ያሉኝ። አዳፕተር አለ፤ እውነት ነው። ግን በዚያ ሁሉ ኃይል መሃል ርካሽ አዳፕተር ሲግል አይቻለሁና አልመክርህም። ይልቅ የምትመላለስበት መስመር ላይ ያሉትን ስቴሽኖች አንድ ቀን ዞረህ እይ። የገመዱን ዓይነት፣ የተጻፈውን ኪሎዋት፣ ክፍያው በቴሌብር ይሁን በሌላ፣ ሁሉንም ጻፍ። ከዚያ በኋላ ነው መኪና የሚመረጠው።

ስለ ርቀት ደግሞ። ሻጩ 600 ኪሎ ሜትር ብሎህ ይሆናል። ያ ሲኤልቲሲ በሚባለው የቻይና መለኪያ ነው። ይኸው ባትሪ በአውሮፓው መለኪያ፣ በደብሊውኤልቲፒ፣ 434 ነው። መኪናው አንድ፣ መለኪያው ሁለት። በፈጣን መንገዱ 110 ይዘህ ስትሄድ ከ434ቱም ቀንስ።

የኛ መንገድ ሌላም ነገር አለው። ከአዳማ አዲስ አበባ ዳገት ነው፤ ከ600 ሜትር በላይ ትወጣለህ። ሁለት ቶን የሚጠጋ መኪና ያንን ከፍታ ለመውጣት ብቻ 3 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ይበላል፤ መንገዱ ራሱ የሚፈልገው ሳይቆጠር። በኔ 60 ኪሎዋት ሰዓት ባትሪ ስወጣ 35 ፐርሰንት አካባቢ ይሄዳል። ስመለስ 23፣ 24። የመልሱ ጉዞ ስጦታ ነው፤ ቁልቁለቱ ላይ እግርህን ከነዳጁ ስታነሳ መኪናው ራሱን ይሞላል። (አሁንም «ነዳጅ» እንላለን፤ ልማድ ነው።) ይህን ሂሳብ ስትሠራ አንድ ነገር ትረዳለህ። ደርሶ መልሱ 60 ፐርሰንት ከሆነ፣ ማታ ቤትህ ሞልተህ ካደርክ፣ ፈጣን ቻርጀር የምትነካው በወር አንዴ ወይም ሁለቴ ነው። ሐዋሳ ወይም ዘመድ ጥየቃ ስትሄድ።

ስለዚህ ጥያቄው ወደ ቤትህ ይመለሳል። ቤት ውስጥ ቻርጅ ማድረግ ትችላለህ? በተራ ሶኬት 2 ኪሎዋት ብታገኝ ነው። ግማሽ ባትሪ 17 ሰዓት። በ7 ኪሎዋት የግድግዳ ቻርጀር አምስት ሰዓት ገደማ። ለዚያ ግን 32 አምፔር ሳያቋርጥ የሚችል መስመር ያስፈልጋል። ራሱን የቻለ ብሬከር፣ ወፍራም ሽቦ (ለኔ 6 ካሬ ነው የተዘረጋው)፣ በትክክል የተሠራ ኧርዝ። ቆጣሪህ ይችለው እንደሆነ መብራት ኃይል ሄደህ ጠይቅ። ጎረቤቴ «ምን ችግር አለው» ብሎ በዲቫይደር ይሞላ ነበር። አንድ ሌሊት በፕላስቲክ ሽታ ነቃ። ዲቫይደሩ ቀልጦ ወለሉ ላይ ተጣብቆ ነበር። እግዜር አውጥቶታል። ተከራይ ከሆንክ ወይም ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ከሆንክ ታሪኩ ይለያል፤ ያኔ ፈጣን ቻርጅ የሚቀበል መኪና የምር ያስፈልግሃል።

አሁን ብራንዱ። «አዲስ» የሚለው ቃል ብቻውን አያስፈራኝም። የምፈራው ኋላው ማን እንደቆመ ካልታወቀ ነው። ዲፓል አዲስ ስም ነው፤ ባለቤቱ ግን ትልቁ የቻይና አምራች ቻንጋን ነው። አዮንም የጂኤሲ፣ የሌላው ትልቅ የቻይና አምራች፣ ልጅ ነው። ሊፕሞተር የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ2015 ነው፤ በ2023 የፔጆና የፊያት ባለቤት ስቴላንቲስ 1.5 ቢሊዮን ዩሮ አውጥቶ 20 ፐርሰንት ያህል ድርሻ ገዝቶበታል። በዚያው ዓመት ግን ዌልትማይስተር የሚባለውን የቻይና ኤሌክትሪክ መኪና የሚሠራው ኩባንያ በኪሳራ ፍርድ ቤት ገባ። በ2025 ደግሞ «ኔታ» የሚባለውን መኪና የሚያመርተው ሆዞን የኪሳራ ሂደት ውስጥ ገባ። ኔታ ቪን እዚህ ከተማ ውስጥ በየቀኑ ታያለህ። መኪናዎቹ ይሄዳሉ፤ መብራት ሲሰበር ግን ባለቤቱ ማን ጋ ይሂድ?

የመብራትን ነገር ከራሴ ልንገርህ። እዚሁ አዳማ ፍራንኮ አካባቢ አንድ ባጃጅ የኋላ መብራቴን ሰበረው። ልጁ ይቅርታ ጠየቀ፣ ተስማማን፣ አለቀ መስሎኝ ነበር። ያስመጣልኝ ሰው ጋ ደወልኩ። «በሦስት ሳምንት» አለኝ። አራት ወር ፈጀ። አራት ወር ሙሉ ቀይ ፕላስተር ለጥፌ ነው የሄድኩት፤ ትራፊኮቹ ራሱ ለምደውኝ «እስካሁን?» ይሉኝ ነበር። የቢዋይዲ ዩዋን ፕላስ ወይም የፎልክስዋገን አይዲ4 ባለቤት ቢሆን ኖሮ ከተጋጨ መኪና ላይም ፈልጎ ያገኝ ነበር። የብዛት ጥቅሙ ይህ ነው። ስትሸጠውም እንደዚሁ፤ ደላላው የማያውቀውን ስም ያራክስብሃል።

ሌላው ሶፍትዌር ነው። የኔ ስክሪን ቻይንኛ ነበር። አንድ ልጅ ከፍዬው እንግሊዝኛ አደረገልኝ። አንድ ቀን መኪናው ራሱን አዘመነና ወደ ቻይንኛ ተመለሰ። ባለቤቴ እስከ ዛሬ ትስቅብኛለች። የስልክ አፑም የቻይና ስልክ ቁጥር ይጠይቃል። ስትገዛ መኪናው ለውጭ ገበያ የተሠራ መሆኑን ወይም አለመሆኑን ጠይቅ፤ ዋስትናውም የሚወሰነው በዚህ ነው። የፋብሪካው ዋስትና ቻይና ውስጥ ብቻ የሚሠራ ከሆነ ወረቀቱ ጌጥ ነው።

ቢ10ን ከገዛህ ባትሪው ኤልኤፍፒ (ሊቲየም ብረት ፎስፌት) የሚባለው ዓይነት ነው። ጠንካራ ነው፣ ሙቀትም ብዙ አያስፈራውም። ግን በየጊዜው 100 ድረስ መሙላት ይፈልጋል፤ ያለዚያ ፐርሰንት ቆጣሪው ይሳሳታል። የኔም ኤልኤፍፒ ነው። ለወራት 80 ላይ ሳቆም ቆይቼ፣ አዲስ አበባ መግቢያ ቱሉ ዲምቱ ልደርስ ስል 9 ፐርሰንት ያለው በአንዴ 3 ሆነ። ኤሲውን አጥፍቼ፣ መስኮት ከፍቼ፣ እየጸለይኩ ገባሁ። አሁን በሳምንት አንዴ ፉል አደርገዋለሁ።

ትንሿን 12 ቮልት ባትሪም አትርሳት። እሷ ስትሞት ትልቁ ባትሪ ሙሉ ሆኖም መኪናው በር አይከፍትም። እኔን ያዳነኝ የኤሌክትሪክ መኪና ባለሙያ አይደለም፤ የሰፈር መካኒክ ነው፣ በተራ ጃምፐር።

የኔ ሐሳብ ይህ ነው። ቤትህ 7 ኪሎዋት መዘርጋት ከቻልክ፣ መሰኪያው ከመስመርህ ስቴሽኖች ጋር ከገጠመ፣ ሻጩም መብራት፣ መከላከያ፣ መስተዋት መደርደሪያው ላይ ካሳየህ፣ ቢ10ን ግዛ። ቃል ሳይሆን ዕቃ ያሳይህ። ከሦስቱ የጎደለው ዕቃው ከሆነ ዩዋን ፕላስ ይሻልሃል፤ ቀስ ብሎ ቢሞላም። ከመክፈልህ በፊት ደግሞ መኪናውን ስቴሽን ወስደህ ከ30 እስከ 80 በሰዓት ለካው። ሻጩ ካንገራገረ የቻርጁን ሂሳብ አንተ ቻል፤ እኔን እንደዚያ ነው የፈቀዱልኝ።

ልታየው የምትሄደው ቅዳሜ ከሆነ አብሬህ እመጣለሁ። የቻርጅ መሰኪያውን ፎቶ ግን አስቀድመህ ላክልኝ።