ኮንክሪት ሲደርቅ፦ ስለ ስንጥቅና ጥንካሬ ጥያቄና መልስ

መላሽ፦ ለዓመታት ኮንክሪት ስፈትሽ ኖሬያለሁ። የምትፈልጉትን ሁሉ ጠይቁኝ። አንድ ነገር ግን አስቀድሜ ልበል። ኮንክሪት የሚጠነክረው ስለደረቀ አይደለም፤ ሲሚንቶው ከውሃ ጋር ስለተዋሃደ ነው። ውሃ አታቋርጡበት።

ጀማሪው፦ ሶሌታ (ጠፍጣፋ የኮንክሪት ወለል ወይም ጣሪያ) ከሞላን በ3 ሰዓት ውስጥ ላዩ ተሰነጠቀ። ሲሚንቶው ይሆን?

መላሽ፦ ሲሚንቶውን ተወው። ነፋስ ነበር? ኮንክሪት ሲረጋ ውሃ ወደ ላይ ያወጣል። ከሚወጣው የሚተነው ከበለጠ ላዩ ሳይጠነክር ይኮማተራል። ከ1 ካሬ ሜትር በሰዓት 1 ኪሎ ያህል ውሃ የሚተን ከሆነ አደጋ አለ። ነፋሱን ከልሉ፣ ቶሎ በላስቲክ ሸፍኑ።

የቤት ባለቤት፦ ግድግዳዬ ላይ ስንጥቅ አለ። ያሰጋል?

መላሽ፦ የቱ ጋ? ስፋቱ ስንት ነው? መቼ ታየ? ይህን ሳትነግሪኝ ምን ልበልሽ?

ተማሪ፦ ደርቆ የተፈተሸው ኪዩብ (ለፍተሻ የሚሠራ የኮንክሪት ቁራጭ) ከረጠበው በጥንካሬ በለጠ። ታዲያ መድረቅ ጥንካሬ ይጨምራል ማለት አይደለም?

መላሽ፦ ይህን ጥያቄ ስጠብቅ ነበር! 28 ቀን በደንብ ውሃ የጠጣ ኪዩብ ከፍተሻ በፊት ቢደርቅ ከ10 እስከ 20 በመቶ ሊበልጥ ይችላል። ኮንክሪቱ ግን አልተሻሻለም። መልሰህ ብትነክረው ቁጥሩ ይወርዳል። ኪዩብ እንደረጠበ የሚፈተሸውም ለዚህ ነው። አሁን ከዚያው ኮንክሪት ቢም (አግዳሚ ተሸካሚ) ሥራና ላዩ ሲደርቅ በማጉበጥ ፈትሸው። ይዳከማል! ላዩ ደርቆ ማጠር ይፈልጋል፤ እርጥቡ መሀል ግን አይለቀውም። ስለዚህ ገና ሸክም ሳይነካው ላዩ ተወጥሯል። ኮንክሪት ደግሞ ሲሳብ ደካማ ነው፤ አቅሙ ሲጨመቅ ካለው አንድ አሥረኛ ገደማ ነው። ውሃ ተቋርጦበት ገና በ3 ቀኑ የደረቀ ኮንክሪት ጉዳይ ግን ከሁለቱም ይለያል። የውስጡ አንጻራዊ እርጥበት ከ80 በመቶ በታች ሲወርድ ውህደቱ ይቆማል ማለት ይቻላል። ያኔ ሊያገኘው ይችል የነበረው ጥንካሬ ይቀርበታል። ውሃ አታቋርጡ የምለው ለዚህ ነው።

ግንበኛው፦ እኛ ሚክሰር ውስጥ ውሃ በዛ እናደርጋለን። ቶሎ አይደርቅም።

ፎርማኑ፦ እሱማ ነው የሚያበላሸው! ትርፉ ውሃ ሲተን ቀዳዳ ይተዋል፤ መኮማተሩም ይብሳል።

ግንበኛው፦ ወፍራም ከሆነ ብረቱ መሀል አይገባም። አንተ በአካፋ ሞልተህ ታውቃለህ?

ፎርማኑ፦ 10 ዓመት ሞልቻለሁ። ማቅጠኛ ኬሚካል ተጠቀም።

መላሽ፦ ይብቃችሁ፤ ፎርማኑ ልክ ነው። ውሃ የሚበዛው ከረጋ በኋላ ከላይ ነው እንጂ ሚክሰር ውስጥ አይደለም።

ጀማሪው፦ ብረት ካለው ግን አይሰነጠቅም አይደል?

መላሽ፦ ይሰነጠቃል። ብረት ስንጥቁን አጥብቦ ይበታትነዋል፤ አያስቀረውም።

ወለል ሠሪ፦ ወለል በስንት በስንት ሜትር ይቆረጥ?

መላሽ፦ ውፍረቱ 15 ሳንቲም ከሆነ ከ3.5 እስከ 4.5 ሜትር። ጥልቀቱ የውፍረቱ ሩብ። በማግስቱ አትምጡ፤ መጋዙ ጠርዙን መቦጨቁን ሲተው ወዲያው ቁረጡ። 10 ሜትር ወለል ሲደርቅ 5 ሚሊሜትር ያህል ሊያጥር ይችላል። በመቁረጥ የሚሰነጠቅበትን ቦታ ካልሰጣችሁት ራሱ ይመርጣል።

አዲስ ገቢ፦ ውሃ ማጠጣት ግዴታ ነው?

መላሽ፦ ስንቴ ልበል? ግዴታ ነው። ቢያንስ 7 ቀን። ጠዋት አርጥቦ ቀን ማድረቅ አይሆንም። እርጥብ ጆንያ አልብሱት፣ ጆንያው አይድረቅ።

አዲስ ገቢ፦ ቀለምስ መቼ ይቀባ?

መላሽ፦ ቀለም ቀቢ ጠይቅ።

የቤት ባለቤት፦ ተመለስኩ። የኮንክሪት ግድግዳ ነው። ከመስኮቱ ጥግ በሰያፍ ይሄዳል፤ እንደ ፀጉር ቀጭን ነው። በ3ኛው ወር ታየ።

መላሽ፦ እንዲህ ንገሩኝ! በመድረቅ የመጣ ይመስላል፤ ውጥረት ጥግ ላይ ይከማቻል። ሁለቱን ጫፎች በእርሳስ ምልክት አድርጊና ቀኑን ጻፊበት። ከወር በኋላ ምልክቱን ካለፈ ወይም ከ0.3 ሚሊሜትር ከሰፋ መሐንዲስ መጥቶ በዓይኑ ይየው።