ሰማይ ቤት ባይኖርስ?

ለወጣት የሙያ ልጆቼ፣

በቅርቡ አንዲት ተማሪ ነርስ «ሲስተር፣ ከሞት በኋላ ምንም ከሌለ ሰው ምን አገኛለሁ ብሎ ጥሩ ይሆናል?» አለችኝ። ለክርክር አይደለም የጠየቀችው። ጨንቋታል። አትስረቁ፣ አትዋሹ እያልኩ አላደክማችሁም፤ ያንን ከእናቶቻችሁ ሰምታችሁታል። አንድ የማውቀውን ሰው ልንገራችሁ።

ጊዜው ደርግ ነው። የክትባት ፕሮግራም በአገራችን የተጀመረው በ1972 ዓ.ም. ነው፤ እኔ ከዚያ ትንሽ ቆይቼ መብራት የሌለው ጤና ጣቢያ ተመደብኩ። ክትባት የምናስቀምጠው በላምባ በሚሠራ ፍሪጅ ነበር። ላምባው እንዳያልቅ፣ ክሩ እንዳይጨስ፣ እሳቱ ከፍ ዝቅ እንዳይል ሌት ተቀን የሚያየው ሰው ይፈልጋል። ሙቀቱ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ መሆን አለበት። ይህን የሚጠብቀው አንድ ጤና ረዳት ነበር። ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ ሲጋራ ከእጁ የማይጠፋ። እግዜር የለም ባይ መሆኑን ከተማው ሁሉ ያውቃል። ለቅሶ ቤት ድንኳን ሲተከል ቀድሞ ይገኛል፤ ጸሎት ሲጀመር ግን ወጣ ብሎ ይቆማል። «ከሞትን አፈር ነን፤ አለቀ» ይል ነበር።

አንድ ቀን ከመስክ ስንመለስ ፍሪጁ ጠፍቶ አገኘነው። ላምባው አልቋል። የኩፍኝ ክትባት ደግሞ ሙቀት አይችልም። ክፋቱ፣ የተበላሸውም ደህናውም ብልቃጥ ሲያዩት አንድ ነው። ዛሬ ብልቃጡ ላይ ሙቀት ሲያገኘው ቀለሙን የሚለውጥ ምልክት አለ። እሱ የመጣው እ.ኤ.አ. በ1996 ነው፣ ያውም በፖሊዮ ክትባት ጀምሮ። ያኔ ግን በዓይን አይቶ የሚለይ ማንም አልነበረም።

በማግስቱ ገበያ ነው። እናቶች ልጆቻቸውን አዝለው ይመጣሉ። ኃላፊያችን «ዝም ብላችሁ ውጉ፤ ኮታው ይሙላ» አለ። ክፉ ሰው ስለሆነ አይደለም። ፈርቶ ነው። የመንግሥት ንብረት አበላሽ መባል በዚያ ዘመን ቀላል ነገር አልነበረም።

ጤና ረዳቱ ብልቃጦቹን ቆጠረ። ተበላሽተዋል ብሎ ጻፈ፤ በስሙ ፈረመ። በማግስቱ ገበያው ዳር ቆሞ ለእናቶቹ ነገራቸው። «መድኃኒቱ ተበላሽቷል። ውኃ ከመውጋት አይሻልም። ሌላ ሲመጣ እናስጠራችኋለን» አላቸው። ሌሊት ተነስተው የመጡ ነበሩ። የሰደቡትም አሉ። ቆይቶ ደመወዙ ተቆረጠ፤ ራቅ ወዳለ ቦታም ተዛወረ።

ቢወጋቸውስ ኖሮ? ከወራት በኋላ አንዱ ሕፃን በኩፍኝ ቢሞት እናቱ «እግዜር የሰጠኝን እግዜር ወሰደው» ብላ ትቀብረው ነበር። በምድር የሚጠይቀው የለም። በሰማይም የለም ብሎ ያምናል። ታዲያ ምን ያዘው?

ሳልጠይቀው ቀረሁ። እጽፍለታለሁ፣ ሄጄ አየዋለሁ እያልኩ ዓመታት አለፉ፤ በመጨረሻ ማረፉን ሰማሁ። ይህ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። የዚያች ልጅ ጥያቄም እንቅልፍ የነሳኝ ለዚህ ነው። ስገምት፣ የሰው ልጅ ሲታመም ማየት አይሆንለትም ነበር። የሚያስነጥስ ሕፃን ካየ መንገድ ላይ ያስቆማል።

አያቴ የሱ ተቃራኒ ነበረች። መነኩሲት ነች። ስለ ሰማይ ቤት ስታወራ ስለ ጎረቤት የምታወራ ይመስል ነበር። ለምኖ አዳሪ ከደጇ ባዶ እጁን አይመለስም። ለጽድቅ ብላ ነው? እኔ አይመስለኝም። የራበው ሰው ፊት ካየች እንጀራ ይታነቃታል።

ሃይማኖቶቹም ይህን ነገር አስበውበታል። ሰይጣን ኢዮብን የከሰሰው «በውኑ ኢዮብ እግዚአብሔርን የሚፈራ በከንቱ ነውን?» ብሎ ነው። ስለተከፈለው ነው ማለቱ ነው። በ8ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የኖረችው ሙስሊሟ መናኝ፣ የባስራዋ ራቢአም በአንድ እጇ እሳት፣ በሌላው ውኃ ይዛ ስትሄድ ታየች ይባላል። ጀነትን ላቃጥል፣ ጀሀነምን ላጠፋ ነው አለች፤ ሰው አላህን ለጥቅም ወይም ለፍርሃት ሳይሆን ለራሱ ብሎ እንዲወደው።

እናንተን የምታዘባችሁ እዚህ ላይ ነው። ለለማኝ ዳቦ ስትሰጡ ስልክ ትደቅናላችሁ። የሰማዩን መዝጋቢ ትታችሁ ሌላ መዝጋቢ አመጣችሁ። ያ ጤና ረዳት ሲፈርም የሚቀርጸው አልነበረም።

እንግዲህ ሰማይ ቤት አያስፈልግም ማለቴ ነው? አይደለም። እኔ አማኝ ነኝ፤ ሌሊት ተረኛ ሆኜ ብቻዬን ስቀር «እሱ ያያል» ማለት የረዳኝ ጊዜ አለ። ከዚያም በላይ በቀይ ሽብር ልጆቻቸው የተገደሉባቸው እናቶችን አውቃለሁ። ሬሳ ለመውሰድ የጥይት ዋጋ ክፈሉ የተባሉ፣ ማልቀስ የተከለከሉ። ኮሎኔል መንግሥቱ በ1999 ዓ.ም. ጥፋተኛ የተባለው በሌለበት ነው፤ እሱ ዚምባብዌ ነበር። ከእናቶቹም ብዙዎቹ ያን ቀን ሳያዩ ሞተዋል።

ጥሩ ለመሆን ገነት የግድ አይመስለኝም። የተበደለ ሰው ግን ፍርድ ይገባዋል፣ እዚህ ካላገኘ ሌላ ቦታ። እኔ ሰማይ ቤት እንዲኖር አጥብቄ የምፈልገው ለእነዚያ እናቶች ነው። ለተማሪዋም የመለስኩላት ይህንኑ ነው፤ አልበቃትም፣ ገና እንነጋገራለን።