አሮጌ የትራንስፎርመር ዘይት ነርቭ ይጎዳል?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። ባለቤቴ በያጅ ነው። ከአሮጌ ትራንስፎርመር የተቀዳ ዘይት ከቆራሌው እየገዛ በጀሪካን ቤት ያስቀምጣል። ለብየዳ ማሽኑ ይጠቀምበታል፤ ጉልበቱን ሲቆረጥመውም ይቀባዋል። ከዓመት ወዲህ የእግሩን ጣቶች ያደነዝዘዋል። ማታ ማታ እንደ ጉንዳን ይወረዋል። እኔ የ6 ወር ነፍሰ ጡር ነኝ። ይህ ዘይት ነርቭ ይጎዳል ሲሉ ሰማሁ። እውነት ነው?

መልስ፦ እህቴ፣ እውነት ነው፤ ሊጎዳ ይችላል። ስለዚህ መቀባቱ ከዛሬ ጀምሮ ይቅር። ጀሪካኑም ከቤት ይውጣ።

ዘይት ሁሉ አንድ አይደለም። የሚያሰጋው ፒሲቢ የሚባለው ኬሚካል ያለበት ነው። ይህ ኬሚካል እሳት ስለሚቋቋም ለአሥርት ዓመታት ትራንስፎርመር ውስጥ ሲጨመር ኖሯል። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1979 ከለከለችው፤ ያኔ የተሠሩት ዕቃዎች ግን ዛሬም አሉ። በዓይን አይቶ ወይም አሽትቶ መለየት አይቻልም። የአሮጌ ትራንስፎርመር ዘይት ተመርምሮ ንጹሕ መሆኑ እስኪረጋገጥ ድረስ ፒሲቢ እንዳለበት ይቁጠሩት።

ነርቭን እንዴት ይጎዳል? የነርቭ ሕዋስ ካልሲየምን እንደ እህል በጎተራ ያስቀምጣል። መልእክት ሲመጣ ጥቂት ይለቅና ወዲያው በሩን ይዘጋል። አንዳንዶቹ የፒሲቢ ዓይነቶች ይህንን በር ገርበብ አድርገው ያስቀሩታል። ካልሲየሙ ያለ ልክ ይፈስሳል። መልእክቱ ይዛባል፤ ሲብስ ሕዋሱ ይሞታል። በማኅፀን ያለ ሕፃን ላይ ደግሞ ነገሩ ይከፋል። የሕፃኑ ነርቮች ገና ቅርንጫፍ እያወጡ ነው፤ የሚመራቸውም ይኸው ካልሲየም ነው። አንጎል የሚያድግበትን የታይሮይድ ሆርሞንም ፒሲቢ ያውከዋል።

ይህ በሰው ላይ ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ1968 በምዕራብ ጃፓን ፒሲቢ ከፋብሪካ ቧንቧ ሾልኮ የምግብ ዘይት ውስጥ ገባ። ከ1,000 በላይ ሰው ታመመ። ፊታቸው ላይ ክፉ ብጉር ወጣ፤ እጅና እግራቸው ደነዘዘ። እ.ኤ.አ. በ1979 ታይዋን ውስጥ ተመሳሳይ አደጋ ደረሰ። ዘይቱን የበሉ እናቶች ከዓመታት በኋላ የወለዷቸው ልጆች ሳይቀሩ በአእምሮ እድገት ከእኩዮቻቸው ወደኋላ ቀሩ። ፒሲቢ ስብ ውስጥ ተደብቆ ለዓመታት ይቆያልና።

ሳስፈራራዎት አይደለም። እነዚያ እናቶች ለወራት በልተውታል። የእርስዎ እንደዚያ አይደለም፤ አሁን መራቅዎ ለልጅዎ ትልቅ ነገር ነው። ሲወልዱም ያለ ሥጋት ያጥቡ። የጡት ወተት ጥቅሙ ያመዝናል።

አሁን ወደ ባለቤትዎ እግር ልምጣ። ዘይቱ ላይ ብቻ አናላክክ። የሁለቱም እግር ጣቶች ሲደነዝዙ እኔ ቀድሜ የምጠረጥረው ስኳር ነው። የቫይታሚን ቢ12 እጥረት፣ መጠጥ፣ የቲቢ መድኃኒት፣ ኤችአይቪም እንዲህ ያደርጋሉ። ቆዳቸው ላይ ስሜት የሌለው ነጣ ያለ ቦታ ካለ ሥጋ ደዌም መታየት አለበት። አብዛኞቹ መድኃኒት አላቸው። ስለዚህ በዚህ ሳምንት ይመርመሩ፤ ዘይቱንም ሳይደብቁ ለሐኪሙ ይንገሩ። ፒሲቢን ከሰውነት ጠርጎ የሚያወጣ መድኃኒት ግን የለም። «ሰውነት እናጸዳለን» ለሚሉ ገንዘባችሁን አትስጡ።

ዘይቱን ቱቦ ውስጥ እንዳትደፉት። እንዳታቃጥሉትም፤ ሲቃጠል ከራሱ የባሰ መርዝ ያወጣል። ዘይት የነበረበትን በርሜል መበየድም ያው ነው። ክዳኑን አጥብቃችሁ፣ ልጅ የማይደርስበት ውጭ አስቀምጡና የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ጠይቁ። ይህን እርስዎ አይንኩት። የሥራ ቱታውንም እርስዎ አይጠቡት፤ ባለቤትዎ ጓንት አድርገው ለብቻው ይጠቡት።

ጀሪካኑ ደግሞ ባዶ ሲሆን ያጓጓል፤ በየቤቱ የማየው ነው። በኦሞም፣ በፈላ ውሃም ቢታጠብ ፕላስቲኩ ውስጥ የሰረገው አይለቅም። የመጠጥ ውሃ እንዳትቀዱበት።