ወፍራሙ ድምፅ ወይስ ቀጭኑ?

ጥያቄ፦ በቅርቡ ከጓደኛዬ ጋር የስታንሊ ወንድማማቾች የሚባሉትን አሜሪካውያን የብሉግራስ (በባንጆ፣ በጊታርና በማንዶሊን የሚታጀብ የአሜሪካ ተራራማ አገር ሙዚቃ) ዘፋኞች የድሮ ሥራዎች እያዳመጥን ሳለ ተከራከርን። እርሱ ከላይ የሚሰማው ቀጭን ድምፅ የዋናው ዘፋኝ ነው ባይ ነው፤ በፊልም ታውቆ የተሸለመው ባለ ቀጭን ድምፁ ራልፍ መሆኑን ይጠቅሳል። ለእኔ ግን ዜማውን የያዘው ከሥር ያለው ይመስለኛል። ማንኛችን ልክ ነን? የሌላኛው ወንድም ስምስ ለምን ተረሳ? ከየትኛው ዘመን ሥራቸው ብንጀምርስ ይሻላል?

መልስ፦ ስለ ዜማው ከሆነ ልክ እርስዎ ነዎት፤ ስለ ዝናው ከሆነ ግን ጓደኛዎም አልተሳሳቱም። በወንድማማቾቹ ሥራ ውስጥ ዋናውን ዜማ የሚይዘው ጊታር ተጫዋቹ ታላቅ ወንድም፣ ካርተር ነው። ብዙውን ጊዜ ስንኙን ካርተር ብቻውን ይዘፍነውና አዝማቹ ላይ ሲደረስ ባንጆ የተባለውን ባለ ክር መሣሪያ የሚጫወተው ራልፍ በቴነር፣ ማለትም በቀጭኑ የወንድ ድምፁ ከላይ ይገባበታል። ጆሮ ከፍ ያለውን ድምፅ ቀድሞ ስለሚይዝ፣ አድማጭ የላይኛውን መሪ አድርጎ ቢቆጥር አይፈረድበትም።

ካርተር በ1925፣ ራልፍ በ1927 (ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በደቡብ ምዕራብ ቨርጂኒያ፣ በዲከንሰን ካውንቲ ተራሮች መካከል ተወለዱ። ቤተሰቡ የሚሳለመው ቤተ ክርስቲያን ፕሪሚቲቭ ባፕቲስት የሚባለው ነበር፤ በዚያ የሙዚቃ መሣሪያ አይገባም። መሪው አንዱን ስንኝ ብቻውን ያወጣል፣ ምእመኑ ተቀብሎ እየጎተተና እያወዛወዘ ይመልሰዋል። አባታቸው ሊ ስታንሊም ያለ አንዳች አጃቢ የሚዘፍን ሰው ነበር። የራልፍን ድምፅ ስንሰማ ውስጣችንን የሚነካን ያ ደረቅና ስለታም ቃና የመጣው ከመድረክ ሳይሆን ከዚህ ነው ብዬ አምናለሁ።

ባንጆው የገባው በእናታቸው በሉሲ በኩል ነው። ራልፍ ደጋግሞ እንደተረከው፣ ልጅ ሳለ እናቱ ከሁለት ነገር አንዱን እንዲመርጥ ጠየቀችው፤ እርባታ የሚጀምርባት አሳማ ወይስ ከአክስቱ የሚገዛ ባንጆ? የሁለቱም ዋጋ አምስት አምስት ዶላር ሲሆን፣ እናቱ መግዛት የምትችለው አንዱን ብቻ ነበር። ልጁ ከብት የማርባት ፍላጎት ነበረውና ምርጫው ቀላል አልሆነለትም፤ በመጨረሻ ግን ባንጆውን አለ። እናቱ ክሮቹን ቃኝታ አንድ ዜማ ተጫወተችለት፤ ቀሪውን ለራሱ ተወችለት።

ሁለቱም ከጦር ሠራዊት አገልግሎት ከተመለሱ በኋላ፣ በ1946 መገባደጃ ክሊንች ማውንቴን ቦይስ የተባለውን ባንድ አቋቁመው በብሪስቶል ከተማ ጣቢያ፣ በምሳ ሰዓት በሚተላለፍ የሬዲዮ ዝግጅት ላይ መጫወት ጀመሩ። ብሪስቶል በቨርጂኒያና በቴነሲ ድንበር ላይ የተቀመጠች በመሆኗ፣ የጣቢያው ሞገድ በዙሪያዋ ያሉ የበርካታ ግዛቶችን ተራራማ መንደሮች ይደርስ ነበር። ቀን በሬዲዮ ተጫውተው ማታ በትምህርት ቤት አዳራሾች ትርኢት ያሳያሉ፤ እንግዲህ እንጀራቸው ይህ ነበር። በመድረክ ላይ የሚያወራው፣ ሕዝቡን የሚያስቀውና ብዙዎቹን ዘፈኖች የሚደርሰው ካርተር ሲሆን፣ ራልፍ ከማይክሮፎን ፊት ቃል የሚያጥረው ዓይነ አፋር ነበር።

ከታሪካቸው እኔን ይበልጥ የሚያስደንቀኝ የብሉግራስ ጀማሪ ከሚባለው ሙዚቀኛ ከቢል ሞንሮ ጋር የገቡበት ጣጣ ነው። የሙዚቃው መጠሪያ ራሱ የተገኘው ከሞንሮ ባንድ፣ ከብሉ ግራስ ቦይስ ስም ነው። ወንድማማቾቹ በ1948 ከሞንሮ ዘፈኖች አንዱን፣ የእርሱ የራሱ ሸክላ ገበያ ላይ ሳይውል በፊት፣ በአንድ አነስተኛ ኩባንያ አሳተሙት። ሞንሮ የሚያሳትምበት ትልቁ ኩባንያ ኮሎምቢያ እነርሱንም ሲያስፈርም፣ ሰውየው የሚኮርጁኝን ሰዎች አቅፎ ከያዘ ኩባንያ ጋር አልቆይም ብሎ ወደ ዴካ ሄደ። ሆኖም ቂሙ አልዘለቀም፤ በ1951 ካርተር ለጥቂት ወራት በሞንሮ ባንድ ውስጥ ዘፍኗል። ለሙዚቃ ታሪክ ጸሐፊዎች ይህ ክርክር ከሐሜት ያለፈ ትርጉም አለው፤ ምክንያቱም የአንድ ሰው ባንድ ድምፅ ብቻ የነበረው ነገር ሌሎችም የሚከተሉት ስልት እየሆነ መምጣቱን ከሚያሳዩት የመጀመሪያ ምልክቶች አንዱ ነው።

ይሁንና መኮረጁ ብዙም አልቆየም። ከ1949 እስከ 1952 ለኮሎምቢያ በቀረጿቸው ሥራዎች የማንዶሊን ተጫዋቹ ፒ ዊ ላምበርት ሦስተኛ ድምፅ ሆኖ ይገባል፤ እንደ ልማዱ ከዜማው ሥር በመሆን ፈንታ ግን ከራልፍም በላይ ይወጣል። ስለዚህ ካርተር ከታች፣ ራልፍ ከመካከል፣ ላምበርት ከጣሪያው ላይ ይሆናሉ። የእርስዎና የጓደኛዎ ክርክር ከእነዚህ ዘፈኖች በአንዱ ላይ የተነሣ ከሆነ፣ ከላይ የሰማችሁት ድምፅ የራልፍም ላይሆን ይችላል ማለት ነው።

ከ1950ዎቹ አጋማሽ በኋላ ሮክ ኤንድ ሮል የወጣቱን ጆሮና የሬዲዮውን ሰዓት ሲወስድ፣ የተራራው ሙዚቃ ገበያ ቀዘቀዘ። በ1958 ወደ ፍሎሪዳ፣ ላይቭ ኦክ ወደምትባል ከተማ ተዛውረው በዚያ በሬዲዮና በቴሌቪዥን እየሠሩ ኑሯቸውን ገፉ። በሲንሲናቲ የሚገኘው ኪንግ የተባለው ኩባንያ ባለቤት ማንዶሊኑን ትታችሁ ጊታሩን አስቀድሙ ብሎ ስለ ወተወታቸው፣ በዚህ ዘመን ሥራቸው የጆርጅ ሸፍለር ጊታር ጎልቶ ይሰማል፤ በንግድ ስሌት የመጣ ምክር ለሙዚቃው የጠቀመበት ያልተለመደ አጋጣሚ ነው። በ1966 የጸደይ ወራት አውሮፓን ዞረው ተመለሱ። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ 1 ቀን፣ ለረጅም ጊዜ ከመጠጥ ጋር ሲታገል የኖረው ካርተር በጉበት ሕመም ዐረፈ፤ ዕድሜው 41 ነበር።

የካርተር ስም የደበዘዘበት ምክንያት እንግዲህ ከዚህ የራቀ አይደለም። የገጠሩ ሙዚቃ በተማሪዎች የፎክ (የሕዝብ ባህላዊ) ሙዚቃ ፍቅር አማካይነት በከተማ መድረኮች መጋበዝ በጀመረበት፣ የብሉግራስ ፌስቲቫልም ገና ሥር ባልሰደደበት ጊዜ ሞተ። ራልፍ ግን ሃምሳ ዓመት ያህል ቆየ። መጀመሪያ ላይ ሙዚቃውን ልተወው ይሆን እያለ ሲያመነታ፣ ከአድናቂዎቹ የመጡት ደብዳቤዎች እንዳበረታቱት ተናግሯል። ያደረገውን ልብ ይበሉ፤ ራሱ ወደ መሪነቱ ቦታ አልተዛወረም። ላሪ ስፓርክስን፣ ከእርሱም በኋላ ሮይ ሊ ሴንተርስን በካርተር ቦታ አስገብቶ፣ እርሱ እንደ ወትሮው ከላይ ተቀባይ ሆኖ ቀጠለ። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ሪኪ ስካግስና ኪት ዊትሊ የተባሉ ጎረምሶችንም ከባንዱ ጋር አሰለፈ፤ ሁለቱም በኋላ የካንትሪ ሙዚቃ ዝነኞች ሆነዋል።

ጓደኛዎ የጠቀሱት ፊልም በ2000 የወጣው የፊልም ሠሪዎቹ የኮን ወንድማማቾች ሥራ ነው። በፊልሙ ውስጥ ታዋቂ የሆነው ዘፈን የስታንሊ ወንድማማቾች በ1950 ቀርጸውት የነበረ ሲሆን፣ ራልፍ ደግሞ ሞትን የሚለማመን አንድ የቆየ ዘፈን ለብቻው ዘፍኗል። አዘጋጁ በባንጆ ታጅቦ እንዲዘፍነው ፈልጎ ነበር፤ ሽማግሌው ግን እንደ ልጅነቱ ቤተ ክርስቲያን ያለ አጃቢ ልበለው ብሎ የመጨረሻው ቅጂ በዚያው መልክ ቀረ። በ2002 ግራሚ ያስገኘለት ይኸው ሥራ ነው። ራልፍ በ2016 በ89 ዓመቱ አርፎ፣ ካርተር ከተቀበረበት ሰንሰለታማ ኮረብታ ላይ ተቀበረ።

ለመጀመር ከ1953 እስከ 1958 መርኩሪ ለተባለው ኩባንያ የቀረጿቸውን ብትይዙ እመርጣለሁ፤ ካርተር በድርሰቱም በድምፁም የበሰለው ያኔ ነው። አንዱን ዘፈን ሁለት ጊዜ አዳምጡት፤ በመጀመሪያው የታችኛውን ድምፅ ብቻ ተከተሉ፣ በሁለተኛው የላይኛውን። ጓደኛዎ የላይኛውን ብቻውን ሊያንጎራጉሩት ቢሞክሩ ዘፈኑ ይጠፋባቸዋል።