መልስ፦ ለዩኒቨርሲቲ የአስተዳደር ሥራ ምን ማስረጃ ላዘጋጅ?

እህቴ፣ በአካውንቲንግ ደረጃ 4 ጨርሰሽ፣ ግል ድርጅት ውስጥ ሁለት ዓመት ሠርተሻል። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ የአስተዳደር ሠራተኛ ማስታወቂያ ሲያወጣ ምን ይዤ ልቅረብ ነው ያልሽው።

መጀመሪያ ሲኦሲሽን፣ ማለትም የሙያ ብቃት ማረጋገጫ ወረቀትሽን አውጪ። በደረጃ የተመረቀ ሰው የብቃት ማረጋገጫ ከሌለው ብዙ ጊዜ ምዝገባው ላይ ይቀራል።

ሰው በብዛት የሚወድቀው ግን በሥራ ልምድ ደብዳቤ ነው። ከመቼ እስከ መቼ፣ በምን የሥራ መደብ፣ በስንት ብር ደመወዝ እንደሠራሽ በግልጽ ይጻፍልሽ። ልምዱ የግል ድርጅት ስለሆነ የሥራ ግብር መከፈሉን የሚያሳይ ማስረጃም ይጠየቃል። ከምርቃት በፊት የሠራሽውን ብዙም አትመኪበት።

እኔ ድሮ የምሠራበት ድርጅት የሰጠኝ ደብዳቤ ላይ ያቆምኩበት ቀን አልተጻፈም ነበር። ማህተሙም ደብዝዞ አይነበብም። ምዝገባው ሊዘጋ አንድ ቀን ሲቀረው ከፒያሳ ባጃጅ ይዤ ስሮጥ ዋልኩ፤ አልደረስኩም። እስካሁን ይቆጨኛል።

ማስታወቂያውን ራስሽ ቆመሽ አንብቢው። «አካውንቲንግ» ይላል ወይስ «አካውንቲንግና ፋይናንስ»? የትምህርት ዝግጅቱን ስም ከቴምፖሽ (ከጊዜያዊ የምርቃት ማስረጃሽ) ጋር ቃል በቃል አስተያዪው። ኦርጅናሉንና ኮፒውን አንድ ላይ ያዢ። ደብዳቤውን ደግሞ ማስታወቂያ እስኪወጣ ሳትጠብቂ በዚህ ሳምንት አጽፊው።